ያሳደጋችሁት ልጅ በሕግም ልጃችሁ እንዲሆን

ባለፈው ዓመት አንድ ጥቁር የለበሰ ሰው ከጠረጴዛዬ ፊት ተቀመጠ። ዕድሜው ወደ 30 ይጠጋል። በፌስታል ይዞ የመጣው የፎቶ አልበም፣ የክትባት ካርድና ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉት የውጤት ካርዶቹን ነበር። በእያንዳንዱ ካርድ ጀርባ «የወላጅ ፊርማ» በሚለው መስመር ላይ አንድ ዓይነት ፊርማ አለ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥርት ያለ፣ ወደ መጨረሻው እጅ እየተንቀጠቀጠ የተጻፈ። ከ2 ዓመቱ ጀምሮ ያሳደጉት ሴት ፊርማ ነው። አርባቸው በወጣ ሳምንት ነው የመጣው።

«የወራሽነት ማረጋገጫ ይጻፉልኝ፣ እትዬ» አለኝ።

«ፍርድ ቤት ያጸደቀው የጉዲፈቻ ስምምነት አለ?» አልኩት።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

የሟቿ የወንድም ልጆች ከእሱ ቀድመው ማመልከቻ አስገብተው ነበር። ያን ሁሉ ዘመን «እማዬ» ሲላቸው የኖረ ሰው በሕግ ፊት ለእሳቸው ባዕድ ሆኖ ተገኘ።

እኔ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ፍርድ ቤት ደጃፍ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ይዤ እቀመጣለሁ፤ ሰው ጉዳዩን ያወራኛል፣ እኔ በማመልከቻ መልክ አደርግለታለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ የተወሳሰበ ጉዳይ ያለበት ሰው ጠበቃ እንዲይዝ ሁልጊዜ እነግረዋለሁ። ጉዲፈቻን ግን በሁለት በኩል አውቀዋለሁ፤ በሥራዬ፣ እንዲሁም የሟች እህቴን ልጅ በጉዲፈቻ ልጄ ስላደረግኩ። ለዚያ ሰው ጊዜው አልፎበታል። ዛሬ በቤታችሁ የሰው ልጅ እያሳደጋችሁ ያላችሁ ግን ጊዜ አላችሁና ይህን አንብቡ።

ማደጎ፣ ሞግዚት፣ ጉዲፈቻ

ሰው ሲመጣ ብዙ ጊዜ «የማደጎ ልጅ አለኝ» ነው የሚለው። እኔም መጀመሪያ የምጠይቀው «ማደጎ ሲሉ እንዴት ያለ?» ብዬ ነው። ምክንያቱም በዚህ አንድ ቃል ከገጠር መጥቶ ትምህርቱን እስኪጨርስ የሚቀመጠው የዘመድ ልጅም፣ እናት አባቱ የሞቱበት የወንድም ልጅም፣ ሚስት ከቀድሞ ትዳሯ ይዛው የመጣችው የእንጀራ ልጅም፣ ከማሳደጊያ የመጣ ሕፃንም ይጠራበታል። ማደጎ ልጁ በማን ቤት እንዳደገ ይናገራል። የማን ልጅ እንደሆነ አይወስንም።

ሞግዚትነት ከማደጎ ከፍ ያለ ነው፤ ሕግ ያውቀዋል። ሞግዚት የልጁን ጥቅም ይጠብቃል፣ ስለ ልጁ ይፈርማል፣ ትምህርት ቤት ያስመዘግባል። ነገር ግን ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ኃላፊነቱ ያበቃል፤ ልጁም ከሞግዚቱ በሕግ የሚወርሰው ነገር የለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሞግዚትነት ውሳኔ ባለ ማኅተም ወረቀት ስለሆነ «አለቀ፣ ልጄ ሆኗል» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ደጋግሜ አይቻለሁ፤ አንዳንዱ ወረቀቱን በፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ነበር።

የእንጀራ ልጅም እንዲሁ ነው። እናቱን ማግባት የልጁ አባት አያደርግም። የክርስትና ልጅነት በቤተ ክርስቲያን ትልቅ ዝምድና ነው፤ በቤተሰብ ችሎት ግን የወላጅና የልጅ መብት አይፈጥርም።

ጉዲፈቻ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ቃሉ ኦሮምኛ ነው፤ ሥሩም ማሳደግ ማለት ነው። በኦሮሞ ባህል በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ ከአብራክ ከተገኘው ሳይለይ የቤተሰቡና የጎሳው አባል ይሆናል። ሞጋሳ የሚባለው ሥርዓት ሰዎችን በቡድን ወደ ጎሳ የሚያስገባ ሲሆን፣ ጉዲፈቻ ግን ለአንድ ልጅና ለአንድ ቤት ነው። በአማራው አገር ደግሞ «የጡት ልጅ» የሚባል ልማድ ነበር፤ አሳዳጊው ጡቱን ወይም አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ልጁን በሽማግሌ ፊት ያጠባዋል፣ ከዚያ በኋላ ልጁ ነው። የዛሬው ሕግ ከኦሮምኛው ስሙን ወስዶ ሥርዓቱን ፍርድ ቤት አስገብቶታል። ሽማግሌ፣ ጎረቤት፣ ዕድርተኛ ሁሉ ቢመሰክር እንኳ ፍርድ ቤት ያላጸደቀው የጉዲፈቻ ስምምነት ውጤት የለውም።

ሕጉ ምን ይሰጣል?

እኔ የምጠቅሰው የፌዴራሉን የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ነው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው እሱ ነው። ጉዲፈቻ ከአንቀጽ 180 ጀምሮ እስከ 196 ይገኛል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ ክልል የምትኖሩ ዕድሜውንና ዝርዝሩን ከዚያው ከምትኖሩበት ሕግ ጋር አስተያዩት።

ጉዲፈቻ ከጸደቀ በኋላ ልጁ ለማንኛውም ጉዳይ እንደ ጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ይቆጠራል። ቀለብ ይገባዋል፣ ይወርሳል፤ ከአብራካችሁ የተወለደ ልጅ ካላችሁም እኩል ነው የሚካፈሉት።

አሁን ብዙዎች ሲሰሙት የሚገረሙበትን ልንገራችሁ። በእኛ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር አይቆረጥም። ልጇን ለወንድሟ በጉዲፈቻ ልትሰጥ የመጣች አንዲት እናት ስምምነቱን እያነበብኩላት እንባዋ ሲወርድ ነበር። «ከእንግዲህ እናቱ አይደለሁም ማለት ነው?» አለችኝ። አንቀጽ 183ን ከፍቼ አሳየኋት። ትስስሩ ይቀጥላል፤ ከሁለት አንዱን ቤተሰብ መምረጥ የግድ በሚሆንበት ጉዳይ ላይ ብቻ የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል። ያን ከሰማች በኋላ ነው የፈረመችው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህንን አንቀጽ ሳላነብ የወላጅ ፊርማ ተቀብዬ አላውቅም።

ማን ይችላል?

ጉዲፈቻ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ባልና ሚስት ከሆኑ ከሁለት አንዳቸው 25 ከሞላቸው ይበቃል። የሚወሰደው ልጅ ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት። የራስ ልጅ መኖር አይከለክልም። ማግባትም ግዴታ አይደለም፤ እኔ አላገባሁም፣ ይህን ጉዳይ ማንም እንቅፋት አድርጎብኝ አያውቅም።

ያገባ ሰው ግን ብቻውን ማድረግ አይችልም። «ባለቤቴ ደስ ይለዋል፤ ግን ፍርድ ቤት መመላለስ አይወድም» የሚሉኝ ሴቶች አሉ። ደስ ቢለውም ባይለውም መቅረብና አብሮ መጠየቅ አለበት። ከዚህ የሚወጡት የትዳር ጓደኛን ልጅ ጉዲፈቻ ማድረግና አንደኛው ተጋቢ ፈቃዱን መግለጽ በማይችልበት ሁኔታ ላይ ሲገኝ ነው። እኔ እንደማየው ይህ ሕግ ተገቢ ነው። ልጅ ግማሹ ሰው ፈቅዶ፣ ግማሹ ዝም ብሎ በገባበት ቤት ሲያድግ ምን እንደሚሆን ከሚመጡልኝ ማመልከቻዎች አይቻለሁ።

ፈቃድ፣ የነገሩ ሁሉ እምብርት

ጉዲፈቻ በአድራጊውና በልጁ ሞግዚት መካከል የሚደረግ ስምምነት ነው። እናትና አባት በሕይወት ካሉና ከታወቁ ሁለቱም መፍቀድ አለባቸው። አንዱ ከሞተ፣ ካልታወቀ፣ ወይም ፈቃዱን መስጠት የማይችል ከሆነ የሌላው ይበቃል።

ሁለቱም እያሉ አንዱ እንቢ ሲልስ? የእንጀራ አባት የሆነ አንድ የታክሲ ሹፌር ነበር። ልጁን ከ3 ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገው እሱ ነው፤ የልጁ አባት ግን ሌላ ከተማ ነው፣ ብር ልኮ አያውቅም፣ አልፈቅድም ይላል። ሹፌሩ «አባት ተብዬው ምን አገባው?» ብሎ ነበር የመጣው። አገባው። የሕግ አባትነት በመጥፋት ብቻ አይሻርም። ሕጉ የሚሰጠው መውጫ ልጁ 10 ዓመት ከሞላው ፍርድ ቤቱ የሌላውን ወላጅና የልጁን ሐሳብ ሰምቶ ሊያጸድቅ እንደሚችል ነው። ልጁ ያኔ 8 ዓመቱ ነበር። እኔ የመከርኩት አባትየውን በሽማግሌ እንዲያናግረው፣ በተለይም ያንን አንቀጽ 183 እንዲያስነብበው ነው፤ ብዙ አባት እንቢ የሚለው «ልጄ ሊጠፋብኝ ነው» ብሎ ስለሚፈራ ነው። በሦስተኛው ወር አባትየው ራሱ አውቶቡስ ተሳፍሮ መጥቶ ፈረመ። ልጁን ያን ቀን አቅፎት ሲያለቅስ አየሁት።

እናትና አባት ሁለቱም ከሞቱ ስለ ልጁ የሚፈርመው ሞግዚቱ ነው። ወላጆቹ በኑዛዜ የሾሙት ከሌለ ሕጉ በቅድሚያ አያቶችን፣ ቀጥሎ አካለ መጠን ያደረሱ ወንድምና እህቶችን፣ ከዚያ አጎትና አክስትን ያስቀምጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የልጁ ሞግዚት ራሳችሁ ከሆናችሁ በሁለት በኩል ልትፈርሙ ነው፤ ስለዚህ ስለ ልጁ ሌላ ሰው መቆም አለበትና ገና ስምምነቱ ሳይጻፍ ችሎቱን ጠይቁ።

በእኛ ቤት ሞግዚቷ እናቴ ነበረች። እህቴ ስትሞት ልጅቷ 5 ዓመቷ ነው፤ አባቷ ከዚያ በፊት አርፏል። ስምምነቱን የጻፍኩት በራሴ ኮምፒውተር ነው። ስንት ሰው ጽፌለት የማላውቀው ነገር በእኔ ላይ ደረሰ፤ «ጉዲፈቻ አድራጊ» ከሚለው ቃል ፊት ስሜን ስጽፍ ጣቴ ቁልፉ ላይ ቀረ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። የቀለሙን ሳጥን ከፍቼ አውራ ጣቷን ያዝኩና ነከርኩት፤ ቆዳው ከምጣድ ብዛት የተሰነጠቀ ነው፣ ቀለሙ በስንጥቁ ሁሉ ገባ። ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው፣ አላነሳችውም። «ድሮ ቢሆን ማር ነበር» አለች። ከዚያ ቀና ብላ «በይ፣ ልጅሽ ነች» አለችኝ። ያ የጣት አሻራ አሁንም መዝገቡ ውስጥ አለ፤ በጣም ስለተጫነችው መስመሩ አይለይም፣ ሰማያዊ ነጠብጣብ ነው የሚመስለው።

ልጁን የምትወስዱት ከማሳደጊያ ተቋም ከሆነ መንገዱ ይለያል። በአዲስ አበባ እንደ ክበበ ፀሐይ ያሉ የመንግሥት የሕፃናት ማሳደጊያዎች አሉ። መነሻችሁ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ነው። ተቋሙ ልጁን በጉዲፈቻ ከመስጠቱ በፊት የልጁን ማንነት፣ እንዴት እንደተቀበለው፣ የእናንተንም የግል፣ የማኅበራዊና የኢኮኖሚ ሁኔታ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ማሳወቅ አለበት። ቤታችሁ ይጎበኛል። ጎረቤት ይጠየቃል። ይህን እንደ ውርደት የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ አትዩት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 መንግሥት ወላጅ ላጡ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግ፣ በጉዲፈቻ የሚያድጉበትንም ሁኔታ እንዲያመቻች ግዴታ ጥሎበታል፤ ጥያቄው የሚመጣው ከዚያ ነው።

ወረቀቱ

ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ማመልከቻ፣ የጉዲፈቻ ስምምነት፣ መታወቂያ፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ፣ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሞተ ወላጅ ካለ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የሞግዚትነት ውሳኔ፣ የገቢ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ፣ ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ምስክሮች። ችሎቱ ማኅበራዊ ጥናት እንዲቀርብ ሊያዝ ይችላል። ዋናውንም ኮፒውንም ያዙ።

ከዚህ ዝርዝር ሁሉ ጊዜ የሚበላው የስም ልዩነት ነው። የእህቴ የልደት ወረቀት ላይ የአባታችን ስም በአንድ ፊደል ተለይቶ ነበር የተጻፈው፤ የኔ ላይ ሌላ፣ የልጅቷ ላይ ደግሞ ሦስተኛ። አንድ ሰው መሆኑን ለማስመስከር ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው 2 ወር ተመላለስኩ። እና ማመልከቻ ሳታስገቡ በፊት ወረቀቶቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ስሞቹን ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። ይህን ብቻ ብታደርጉ ግማሽ ድካማችሁ ይቀንሳል።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የሰው ልጅ እንደወለዳችሁት አስመስላችሁ የልደት ወረቀት አታውጡ። «ቀላል ነው፣ ማን ያውቃል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ወንጀል ነው፤ ከዚያም በላይ አንድ ቀን በውርስ ክርክር ላይ ሌላ ወራሽ ሲያነሳው የልጁ ማንነት ነው መሬት የሚወድቀው። ጉዲፈቻ ለልጁ የማይነቃነቅ መብት ይሰጠዋል፣ ሐሰተኛው ወረቀት ግን ዕድሜ ልክ የሚያስፈራ ነገር ያሸክመዋል።

ስሙን በተመለከተም አስቀድማችሁ ተወያዩና የምትፈልጉትን ማመልከቻው ላይ በግልጽ ጻፉ። እኔ ልጄ የአባቷን ስም ይዛ እንድትቀጥል ነው የጠየቅኩት። እሱ ደግ ሰው ነበር፤ ስሙ ከእሷ ጋር ይቆይ።

ችሎት ፊት

ፍርድ ቤቱ ከማጽደቁ በፊት ጉዲፈቻው ለልጁ ጥቅም መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። የልጁን ሐሳብ ይሰማል፣ የአድራጊውን የማሳደግ አቅም ያያል፣ ልጁን እንደ ልጁ እንደሚይዘውና እንደማይበድለው የሚያሳይ ነገር ይፈልጋል። ሀብታም መሆን አይጠበቅባችሁም። እኔ የምኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ የተጠየቅኩት ልጅቷ የት እንደምትተኛ፣ ሥራ ስሄድ ማን እንደሚጠብቃት፣ የት እንደምትማር ነው።

ልጁን ምን እንደሚል አታስጠኑት። ይታወቃል። ከቤት ስትወጡ «ዳኛዋ ይጠይቁሻል፣ የሚመስልሽን ንገሪያቸው» ብቻ በሉ። ልጄ ያን ቀን 7 ዓመቷ ነበር፤ የግራ ጫማዋ ገመድ ተፈቶ እየተጎተተ ነው የገባችው፣ ላስርላት ጎንበስ ስል ስማችን ተጠራ። ዳኛዋ ወደ ፊት ጠጋ ብለው በለሰለሰ ድምፅ ጠየቋት።

«ይቺ ማን ናት?»

«እታለም ናት።»

«እታለም ምን ታደርግልሻለች?»

ልጄ አሰበች። «ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን ትሠራኛለች። ስታመኝ አትተኛም። አያቴ ደግሞ ከእንግዲህ ልጅሽ ናት ብላታለች።»

ዳኛዋ የጻፉትን አላየሁም። እኔ ያዘጋጀኋቸው አራት ገጽ ማስረጃዎች ግን ይህን አልተናገሩም ነበር። እስከ ዛሬ እታለም ነው የምትለኝ፤ እማዬ በይኝ ብዬም አላውቅም። ያ ስም የእህቴ ነው።

ሲጸድቅ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ የእናንተ ወላጆች፣ ወንድምና እህቶች፣ የወንድምና የእህት ልጆች ጉዲፈቻውን በግልጽ የመቃወም መብት አላቸው። ተቃውሞው ስምምነቱ በጸደቀ በ1 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ከሰፈረ ልጁ ከእነሱ ጋር ዝምድና አይኖረውም፤ የእናንተ ልጅነቱን ግን አይነካውም። በቤተሰብ መሐል ቅሬታ እንዳለ ካወቃችሁ ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ካልተመዘገበ፣ የቡና ላይ ወሬ ሆኖ ነው የሚቀረው።

ሁለተኛው፣ ጉዲፈቻ አይመለስም። «አስቸገረኝ፣ ይውሰዱልኝ» ብላ ማመልከቻ እንድጽፍላት የመጣች ሴት ነበረች። ልጁ 14 ዓመቱ ነው፣ ትምህርት ቤት ይቀራል፣ ይዋሻል። «ከማህፀንሽ ቢወጣ ለማን ትመልሺው ነበር?» አልኳት። ተቀየመችኝ፤ ግን ተመልሳ መጥታ ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር እየተነጋገረች እንደሆነ ነገረችኝ። ሕጉ ጉዲፈቻን የሚያፈርሰው ለልጁ ሲል ነው፦ አሳዳጊው እንደ ልጅ መያዙን ትቶ እንደ ባሪያ ወይም ባርነትን በሚመስል ሁኔታ ከያዘው፣ ለጥቅሙ ሲል ከመልካም ጠባይ ውጪ ያለ ሥራ ካሠራው፣ ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ መንገድ ካኖረው።

ይህ አንቀጽ ብርቱ ቃል ያለበት በምክንያት ነው። «አስተምራታለሁ» ተብላ ከገጠር የመጣች፣ በቤቱ ሰው ሁሉ «የማደጎ ልጃችን» የምትባል፣ ነገር ግን ከሁሉ ቀድማ ተነስታ ከሁሉ በኋላ የምትተኛ፣ የቤቱ ልጆች ደብተር ሲይዙ እሷ ጀሪካን የምትይዝ ልጅ በየሰፈሩ አለች። ማደጎ የሚለውን ውብ ቃል እንዲህ ያለ ነገር መሸፈኛ ማድረግ ያመኛል። ልጁን በጉዲፈቻ ለመውሰድ ፍርድ ቤት ለመቅረብ ፈቃደኛ ነን? ካልሆንን፣ ለምን?

ለማይችሉት

የውጭ አገር ዜጋ በጉዲፈቻ ልጅ መውሰድ አይችልም። በአንድ ወቅት ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ በሚሄዱ ልጆች ቁጥር ከቻይና ቀጥላ ሁለተኛ ነበረች። ምክር ቤቱ ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ባጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1070/2010 ይህ በር ተዘጋ። ስለዚህ ወላጅ ያጡ ልጆች ቤት የሚያገኙት ከእኛው ነው።

ልጁ 18 ዓመት ካለፈው ጉዲፈቻ አይሆንም። ያኔ የሚቀረው ኑዛዜ ነው፤ አሳዳጊው ከንብረቱ የሚፈልገውን በኑዛዜ ሊሰጠው ይችላል። ኑዛዜም ሥርዓት አለው። በራሳችሁ እጅ ከጻፋችሁት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእጅ ጽሑፋችሁ መሆን፣ ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። በግልጽ የሚደረግ ከሆነ በእናንተና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ ሁላችሁም ትፈርማላችሁ፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። ያ ጥቁር የለበሰው ሰው እናቱ ይህን እንኳ ቢያደርጉለት ኖሮ የፎቶ አልበም ይዞ አይንከራተትም ነበር።

ከውሳኔው በኋላ

የውሳኔውን ግልባጭ በማኅተም አስወጡ። ጉዲፈቻ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ከልደት፣ ከጋብቻ፣ ከፍቺና ከሞት ጋር የሚመዘገብ የወሳኝ ኩነት ዓይነት ነውና ወደ ወረዳችሁ ክብር መዝገብ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ያኔ ምስክር ወረቀት ይሰጣችኋል። ለትምህርት ቤት፣ ለፓስፖርት፣ ለሆስፒታል የሚያገለግላችሁ እሱ ነው።

ለልጁም ንገሩት፤ ሳይቆይ፣ ገና በትንሽነቱ። ከሌላ ሰው አፍ የሰማ ልጅ ዳግመኛ የሚያምነው እስኪያገኝ ብዙ ጊዜ ይወስድበታል፤ ከእናንተ የሰማው ግን እንደ ሌላው የቤቱ ታሪክ ያወራዋል። የእኔዋ አሁን 15 ዓመቷ ነው። ግልባጩ ከውጤት ካርዶቿ ጋር በአንድ ፋይል ውስጥ፣ እሷ በምታውቀው መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። አንዳንዴ ታወጣውና የአያቷን ሰማያዊ አሻራ ኮፒ ላይ አውራ ጣቷን ታስቀምጣለች። ባለፈው ወር የእሷ ጣት ከአያቷ በልጦ ተገኘ።